ካሴቱ ሳይሻግት፤ የቪዲዮ ሥዕልን ወደ ኮምፒዩተር ስለ መቅዳት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



እንደዚህ ባለው በዓል ላይ የመጨረሻው ክፍል ተማሪ ተነሥቶ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ወጣትና ስለ አገር መናገሩ የተለመደ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን አርእስት በየጊዜው በሚገባ ስለ ተናገሩበት፤ እኛ ዛሬ ጊዜያችሁን የምንወስደው ስለ አንድ የካርቶን ሳጥን ነው።

ሳጥኑ ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ፤ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር የኖረ ሲሆን በውስጡ 41 ካሴቶች አሉበት። ከእነዚህም 29ኙ ትልልቆቹ ጥቁር የቪ.ኤች.ኤስ. ካሴቶች ናቸው፤ 12ቱ ደግሞ ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማይበልጡ፤ ሚኒ ዲቪ የሚባሉ ናቸው። የምረቃ ቀኖች፤ የገና ትያትሮች፤ የስፖርት ውድድሮች፤ የወላጆች ቀን፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አንድ የአማርኛ መምህር ጡረታ በወጡበት ቀን ያደረጉት የስንብት ንግግር በዚያ ውስጥ አለ። እንዲህ ያለ ሳጥን በእናንተም ቤት ከቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ እንደሚገኝ አንጠራጠርም። ሰርግ አለበት፤ ክርስትና አለበት፤ በአንዳንዱም የአባት ድምፅ አለበት። ካሴቱ አለ፤ የሚያጫውተው ዴክ ግን ከተበላሸ ዓመታት ስላለፉ ቤተሰቡ «አለን» ብሎ ብቻ ይኖራል።

ለምን እንደምንቸኩል አስቀድመን እንናገር። የቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት በጃፓን አገር ጄ.ቪ.ሲ. በተባለው ኩባንያ ተሠርቶ ለገበያ የወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1976 ነው። ዓለምን ሁሉ አዳርሶ፤ እኛም አገር ገብቶ፤ የቤት ዕቃ ሆኖ ኖረ። በመጨረሻም ዴኩን ይሠራ የነበረው ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሐምሌ ወር 2016 (በፈረንጅ) ሥራውን አቆመ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ አዲስ ዴክ የለም ማለት ነው። አንዱ ሲሰበር መለዋወጫው የሚገኘው ከሌላው ከሞተው ነው። ካሴቱም ራሱ ዘላለማዊ አይደለም። ስፋቱ 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ጥብጣብ ነው፤ በላዩም የማግኔት ኀይል የሚቀበል ዱቄት ተለጥፎበታል። ሙቀትና እርጥበት ይጠሉታል፤ ሻጋታ ደግሞ ይወደዋል።

ስለ ሻጋታው አንድ ነገር ብለን እንለፍ፤ ምክንያቱም ብዙ ካሴት የሚጠፋው ከዚህ በኋላ በምንናገረው ጥበብ ጉድለት ሳይሆን በጥድፊያ ነው። ካሴቱን ወደ ዴኩ ከመክተታችሁ በፊት በመስኮቱ በኩል በባትሪ መብራት ተመልከቱት። በጥቅልሉ ጫፍ ላይ ዱቄት የነሰነሱበት የመሰለ ነጭ ነገር ካለ አትክተቱት። ሻጋታው የዴኩን ራስ ያቆሽሻል፤ ከዚያም ለሚቀጥለው ጤነኛ ካሴት ይተላለፋል። ከእኛ ሳጥን ሁለቱ እንዲህ ሆነው ስለ ተገኙ በፌስታል ጠቅልለን ለብቻቸው አስቀምጠናቸዋል፤ የሚያጸዳቸው ዐዋቂ እስኪገኝ ድረስ።

ቋንቋችን ከምንጭ ውሃ ማምጣትንና ድምፅ መውሰድን በአንድ ቃል፤ «መቅዳት» ብሎ ይጠራቸዋል። ይህ ለሥራችን የሚስማማ ቃል ነው። ውሃ የሚቀዳ ሰው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ ያልደፈረሰ ምንጭ፤ የማያፈስ መቅጃ፤ የሚበቃ እንስራ። ለእኛ ምንጩ ካሴቱና ዴኩ ነው፤ መቅጃው ኬብሉና መለወጫው ነው፤ እንስራው የኮምፒዩተሩ ሀርድ ዲስክ ነው።

አሁን ሁለቱን የካሴት ዐይነቶች መለየት ይገባል። በቪ.ኤች.ኤስ. ላይ ሥዕሉ የተጻፈው እንደ ሞገድ ሆኖ ነው። ጥብጣቡ በዝግታ፤ በሴኮንድ ወደ 2.3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሄድ፤ የማንበቢያውን ራስ የተሸከመው ክብ ብረት ግን በአገራችን ሥርዓት በሴኮንድ 25 ጊዜ ይሽከረከራል። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ሙሉ ሥዕል ይነበባል። (የዴኩን ክዳን ከፍተን ይህን ባየን ጊዜ፤ ይህን ያህል ጥበብ ያለበትን ዕቃ ሰው እንዴት አድርጎ የአበባ ማስቀመጫ ጠረጴዛ እንዳደረገው ተገርመናል።) ኮምፒዩተር ግን ሞገድ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥር ነው። ስለዚህ በመካከላቸው አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ይህ አስተርጓሚ በአንድ ወገን ዩ.ኤስ.ቢ.፤ በሌላው ወገን ቢጫ፤ ነጭና ቀይ ቀዳዳ ያለው ትንሽ መሣሪያ ነው። ቢጫው ሥዕሉን፤ ነጩ የግራውን ድምፅ፤ ቀዩ የቀኙን ድምፅ ይቀበላል። ዴኩ አንድ የድምፅ ቀዳዳ ብቻ ያለው ከሆነ በነጩ ማስገባት ነው።

ሚኒ ዲቪ ግን ከመጀመሪያው ቍጥር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1995 ሲወጣ ካሜራው ራሱ ሥዕሉን ወደ ቍጥር ለውጦ በጥብጣቡ ላይ ይጽፍ ነበር። እንግዲህ ይህን ወደ ኮምፒዩተር ማምጣት እንደ ገና መለካት ሳይሆን የተለካውን ተሸክሞ ማምጣት ብቻ ነው፤ ካሴቱ ካልተጎዳ በቀር በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው በካሴቱ ላይ ካለው በአንዲት ቍጥር አይለይም። ለዚህ የሚያስፈልገው ፋየርዋየር የሚባለው ኬብል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በብዙዎቹ የሚኒ ዲቪ ካሜራዎች ጎን የዩ.ኤስ.ቢ. ቀዳዳ ስላለ በእርሱ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ያ ቀዳዳ ግን በአብዛኛው ለፎቶግራፍ ወይም ለደካማ ሥዕል የተሠራ ነው። በቢጫው ኬብል ማምጣትም ይቻላል፤ ነገር ግን ቍጥሩን ወደ ሞገድ፤ ሞገዱን እንደ ገና ወደ ቍጥር መመለስ ስለ ሆነ ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ አስተርጕሞ ተመልሶ ወደ አማርኛ እንደ ማምጣት ይቈጠራል።

ችግሩ ፋየርዋየር ራሱ ከገበያ መጥፋቱ ነው። የዛሬ ላፕቶፖች ቀዳዳው የላቸውም። የአፕል ኩባንያ፤ ይህን ኬብል ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ ሆኖ ሳለ፤ በ2025 (በፈረንጅ) ባወጣው የማክ ሥርዓት ፋየርዋየርን ፈጽሞ ተወው። ስለዚህ እኛ የተጠቀምንበት ኮምፒዩተር ከጽሕፈት ቤት ሊጣል ሲል የተረፈ አሮጌ ነው። ዛሬ በቤታችሁ «ይህ ምን ይሠራል» የምትሉት ከባድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ካለ፤ በስተኋላው ትንሿን ባለ ስድስት ጥርስ ቀዳዳ ፈልጉ፤ ከተገኘች ለልብስ መሸጫ አትለውጡት።

አሁን ወደ እንስራው እንምጣ፤ በዚህም ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርዓት አንዱ ሥዕል ወደ ቍጥር ሲለወጥ በአግድም 720፤ በቁመት 576 ነጥቦች አሉት፤ ይህም 414,720 ነጥብ ነው። በሴኮንድ 25 ሥዕል ስለሚያልፍ 10,368,000 ነጥብ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ባይት ብንሰጠው በሴኮንድ 20.7 ሜጋባይት፤ በአንድ ሰዓት 74 ጊጋባይት ተኩል ያህል ይደርሳል። ይህን ሁሉ መሸከም ለቤት ኮምፒዩተር ከባድ ስለ ነበር የዲቪ ሊቃውንት የቀለሙን ዝርዝር ቀንሰው፤ የቀረውንም ወደ አምስት እጅ ያህል አጥብቀው በማመቅ፤ ድምፁን ጨምሮ በሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል አደረጉት። ዓይናችን ብርሃንን እንጂ ቀለምን በጥልቀት እንደማይለይ ስለ ዐወቁ ነው ቀለሙን ደፍረው የቀነሱት። 12ቱ ትንንሽ ካሴቶቻችን እያንዳንዳቸው የ60 ደቂቃ ስለ ሆኑ ሁሉም በአንድነት 156 ጊጋባይት ያህል ወሰዱ። ለቪ.ኤች.ኤስ.ም ይኸንኑ የዲቪ መጠን መረጥን። አንዳች ሳይታመቅ ወይም አንዲት ቍጥር ሳትጠፋ ብቻ በሚያምቅ ዘዴ መቀመጥ አለበት የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን የእነርሱ ሀርድ ዲስክ የእኛ አይደለም።

ስለ ፋይሉ መጠን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙ ፍላሾችና አሮጌ ዲስኮች ፋት 32 በሚባል ሥርዓት የተሰናዱ ናቸው፤ በእነዚህ ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ሊበልጥ አይችልም። ዲቪ ሲሆን ይህ 20 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ ሙሽራዋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ስትደርስ ቅጂው ቀጥ ቢል ዴኩን አትምቱት፤ ዲስኩን ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. ወይም ኤክስፋት በሚባለው ሥርዓት አሰናዱት። (ሲሰናዳ በውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ።)

ይህ ሥራ ጊዜን አያሳጥርም። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመቅዳት አንድ ሰዓት ይፈልጋል፤ የሦስት ሰዓቱ ሦስት ሰዓት። በዚያም ጊዜ ኮምፒዩተሩ ሌላ ሥራ እንዲሠራ ማስገደድ አይገባም፤ ዲስኩ ከተጨናነቀ ሥዕል ይዘላል። ሥዕል ሲዘል ለዓይን ላይታወቅ ይችላል፤ ድምፁ ግን ወደ ፊት ስለሚቀጥል ከአንድ ሰዓት በኋላ ተናጋሪው አፉን ከዘጋ ወዲያ ቃሉ ይሰማል፤ ወይም አስቀድሞ ይሰማል። ስለዚህ ቅጂው ሲያልቅ መጀመሪያውን ብቻ አይቶ «ተሳክቷል» ማለት አይበቃም። መጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ተመልከቱ፤ የሚያጨበጭብ ሰው ፈልጉ፤ እጁ ሲገናኝና ድምፁ ሲሰማ አንድ ከሆነ ሥራው መልካም ነው። ካሴት በቆየ ቁጥር ጥብጣቡ ስለሚሳብና ስለሚላላ በቪ.ኤች.ኤስ. ላይ ይህ ምርመራ ይልቁን ያስፈልጋል። ካሴቱንም ከመቅዳት በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አስኪዶ መመለስ ጥብጣቡ እኩል ሆኖ እንዲጠቀለል ይረዳዋል።

መብራት መጥፋቱንም መቍጠር አለብን። በቅጂው መካከል መብራት ቢጠፋ ያልተዘጋው ፋይል ፈጽሞ የማይከፈት ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑ በባትሪው ቢቈይም ዴኩ አብሮ አይቈይም። እኛ ያገኘነው መፍትሔ ቅጂውን በየ15 ደቂቃው መክፈልና ጠዋት በማለዳ መሥራት ነበር። አንዲት ጓደኛችን እንዳለችው፤ መብራት የሚጠፋው ወጥ ሲጣድና ቪዲዮ ሲቀዳ ነው።

በውጭ አገር ዘመድ ላላችሁ የሚከተለው ይጠቅማችኋል። አገራችን የምትከተለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ይባላል፤ 625 መስመርና በሴኮንድ 25 ሥዕል አለው። አሜሪካኖች ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. የሚባለውን፤ ባለ 525 መስመርና በሴኮንድ 30 ሥዕል ያህል የሆነውን ይዘው ኖረዋል። ስለዚህ ከዋሽንግተን ወይም ከሎስ አንጀለስ የተላከ የሰርግ ካሴት ፓል ብቻ በሚያነብ ዴክ ሲገባ ሥዕሉ ይገለባበጣል፤ ቀለሙም ይጠፋል። ከጀርመን ወይም ከእስራኤል የመጣው ግን እንደኛው ፓል ነው። በዚህ ምክንያት «ተበላሽቷል» ተብሎ የተጣለ ካሴት ስንት እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው። ካሴቱ አልተበላሸም፤ ዴኩ ነው ቋንቋውን ያላወቀው። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ተፈልጎ፤ በኮምፒዩተሩም ላይ የመቅጃው ሥርዓት ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ተብሎ ከተመረጠ ሥዕሉ እንደ ተላከበት ቀን ይወጣል።

ከዚህ ይልቅ ያስቸገረን ግን የቀን ጉዳይ ነው። ሚኒ ዲቪ ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋራ ቀኑንና ሰዓቱን በስውር ይጽፋል፤ የካሜራው ሰዓት ግን በፈረንጅ ነው። ካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ደግሞ በእኛ ነው፤ አንዳንዱም በየትኛው እንደ ሆነ አይናገርም። ከሳጥናችን ውስጥ «1992» ብቻ የተጻፈበት ትንሽ ካሴት አገኘን። ሚኒ ዲቪ በፈረንጆቹ 1992 ገና ስላልተፈጠረ ይህ የእኛ 1992 ዓ.ም. መሆኑን ያለ ጥርጥር ዐወቅን፤ በውስጡም ያለው ስውር ቀን ይህንኑ አረጋገጠ። «1992» ተብሎ የተጻፈው ትልቅ ካሴት ግን ከሁለቱም ዘመን ሊሆን ስለሚችል እስከ ዛሬ አልተፈታም። ስለዚህ ፋይሉን ስትሰይሙ ሁለቱንም ቀን ጻፉ፤ ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 1992 ዓ.ም.፤ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1999። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ ካሜራው 14፡30 ሲል ለእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ባለቤቱ ሰዓቱን ሳይሞላው የቀረ ካሜራም አለ፤ እርሱ ዘወትር በጃንዋሪ 1 ቀን ሲደግስ ይኖራል።

እንግዲህ ተቀድቶ ገባ እንበል። ይህ የመጀመሪያው ቅጂ እናት ቅጂ ይባል፤ አይነካ። ከእርሱ ለማየት፤ ለመላክና ለማሳጠር ሌላ ይወጣል።

በሚወጣበት ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው እንግዳ ነገር የማበጠሪያው ጥርስ ነው። የጥንቱ ቴሌቪዥን አንዱን ሥዕል በሁለት ጊዜ ይሥለው ነበር፤ መጀመሪያ ጎዶሎ መስመሮችን፤ ቀጥሎ ሙሉዎቹን፤ ማለት በሴኮንድ 50 ግማሽ ሥዕል። የዛሬው የኮምፒዩተር መስተዋት ሁለቱን ግማሾች ባንድነት ስለሚያሳይ የሮጠ ሰው እግር እንደ ማበጠሪያ ተቈራርጦ ይታያል። ሲወጣ መስመሮቹን የሚያስታርቅ ሥርዓት በእያንዳንዱ ፕሮግራም ውስጥ አለ፤ እርሱን መምረጥ ነው። ከ50ዎቹ ግማሾች 50 ሙሉ ሥዕል እንዲያወጣ ቢታዘዝ ደግሞ እንቅስቃሴው ይበልጥ ይለሰልሳል። የ400 ሜትር ሩጫችንን በዚህ መልክ አውጥተነዋል፤ መልካም ነው።

ሁለተኛው የፊት መወፈር ነው። 720 በ576 የተባለው ሥዕል ለአሮጌው አራት በሦስት መስተዋት የታሰበ በመሆኑ ነጥቦቹ እኩል ጎን ያላቸው ካሬዎች አይደሉም። ሲወጣ 768 በ576 ቢደረግ ልኩን ያገኛል። አንዳንዱ ሰው ግን አዲሱን ሰፊ ቴሌቪዥን እንዲሞላለት ብሎ ጐትቶ ይዘረጋዋል። በዚህ ዐይነት ቀጭን የነበሩ ሰዎች ሁሉ በሰርጋቸው ቀን ወፍረው ይታያሉ። በጎንና በጎን ጥቍር ሆኖ ቢቀር ምን ይጎዳል?

ሦስተኛው ፋይሉን የማሳነስ ነገር ነው። ሰው ሁሉ «ኤም.ፒ.4 አድርግልኝ» ይላል። ኤም.ፒ.4 ግን የጆንያው ስም ነው፤ በጆንያው ውስጥ ጤፍ ይሁን ገብስ የጆንያው ስም አይነግርህም። እህሉ ኮዴክ የሚባለው ነው፤ ዛሬ በስልክም በቴሌቪዥንም ሁሉ የሚከፈተው በ2003 (በፈረንጅ) የጸደቀው ኤች.264 ነው። የሥራው ዘዴ ይህ ነው፤ መምህሩ ቆመው ሲናገሩ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ አይንቀሳቀስም። ግድግዳውን በሴኮንድ 25 ጊዜ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? አንድ ጊዜ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ የተንቀሳቀሰው እጅና ከንፈር ብቻ ይጻፍ። በዚህ ጥበብ በሴኮንድ 2 ሚሊዮን ቢት ቢሰጠው አንዱ ሰዓት 900 ሜጋባይት ይሆናል፤ ያ 13 ጊጋባይት የነበረው ማለት ነው። ነገር ግን አሮጌ ቪ.ኤች.ኤስ. እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስ ጥራጥሬ በሥዕሉ ላይ ስላለው ማሽኑ ሁሉም ነገር የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ለእርሱ 4 ሚሊዮን ቢሰጠው ይሻላል፤ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ነው። ለዚህ ሥራ ሃንድብሬክና ኤፍ.ኤፍ.ኤምፔግ የሚባሉት ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ኤፍ.ኤፍ.ኤምፔግን በ2000 (በፈረንጅ) የጀመረው ፋብሪስ ቤላር የተባለ ፈረንሳዊ ነው። መልኩ አያምርም፤ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ይሠራል፤ እኛ ግን ወደነዋል።

ከታመቀው ላይ እንደ ገና ማመቅ አይገባም። አዲስ ቅጂ ሲፈለግ ምንጊዜም ከእናቲቱ ነው። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ይቀነሳል፤ እንደ ፋይል ከላካችሁት እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ሳይነካ ይደርሳል። አንድ ቤተሰብ የሰርጉን ካሴት ለአንድ ሱቅ ሰጥቶ በስልክ የሚታይ ትንሽ ፋይል ከተቀበለ በኋላ ሱቁ ካሴቱን «አያስፈልግም» ብሎ እንደ ጣለው ሰምተናል። ያን ትንሽ ፋይል በትልቅ መስተዋት ላይ ብታዩት ሙሽራው ከሚዜዎቹ አይለይም።

አሁን በመካከላችን ክርክር ወዳስነሣው ነገር ደርሰናል፤ እርሱም መቍረጥ ነው። ከ1999 (በፈረንጅ) ጀምሮ አይሙቪ፤ ከ2000 ጀምሮ ደግሞ እስከ 2017 የኖረው ሙቪ ሜከር ለቤት ሰው መቍረጥንና መቀጠልን አስተምረውታል፤ ዛሬም በስልክ ላይ እንኳ ይሠራል። ከዚህ የተነሣ ሰው ሁሉ ይቈርጣል፤ በላዩም ሙዚቃ ያለብሰዋል። የአማርኛ መምህራችን የስንብት ንግግር 22 ደቂቃ ነው። ከእኛ ገሚሱ ይህ ለዚህ በዓል ረጅም ስለ ሆነ ወደ ሁለት ደቂቃ ይጠር፤ ከሥሩም የክራር ድምፅ ይግባበት አለ። የቀረነው ተቃወምን። ሦስት ቀን ያህል ስለተከራከርን በዚያ ሳምንት ከካሴቶቹ አንድም አልተቀዳም።

ለመቍረጥ የፈለጉት ምክንያት ነበራቸው። በ22ቱ ደቂቃ ውስጥ ዝናብ መጥቶ የቆርቆሮው ድምፅ መምህሩን ስላቋረጣቸው ስድስት ደቂቃ ያህል ምንም አይነገርም። «ማን ያየዋል?» አሉ። ባንድነት ተቀምጠን አየነው። መምህሩ ንግግራቸውን አቁመው ይጠብቃሉ። ወረቀታቸውን አጥፈው ወደ ኪሳቸው ይከታሉ። በረንዳው ጫፍ ላይ የቆሙትን የታችኛው ክፍል ልጆች እንዳይረጥቡ በእጃቸው ወደ ውስጥ ይጠራሉ፤ አንዱን ትንሽ ልጅ ከራሳቸው ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። ዝናቡ ሲያባራ ወረቀቱን አላወጡትም፤ የቀረውን በቃል ተናገሩ። በሁለት ደቂቃው ቅጂ ውስጥ የነበረው የወረቀቱ ንግግር ነበር፤ እርሱም እንደማንኛውም የስንብት ንግግር ነው።

ስለዚህ ሁለቱንም አደረግን። አጭሩ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ይታያል፤ ያለ ክራር። ሙሉው በሁለት ዲስክ ላይ ተጽፏል፤ አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ፤ ሌላው ከግቢው ውጭ በአንድ መምህር ቤት ተቀምጧል፤ ዲስክም እንደ ሰው ድንገት ስለሚሞት። ካሴቶቹም አልተጣሉም፤ ከወለሉ ተነሥተው በመደርደሪያ ላይ እንደ መጽሐፍ ቆመው ተቀምጠዋል፤ ተጋድሞ የኖረ ጥቅልል ጠርዙ ይጎዳልና።

እስከ ዛሬ 12ቱን ሚኒ ዲቪና 9 ቪ.ኤች.ኤስ. ቀድተናል። 18 ይቀራሉ። እኛ በሰኔ ወር ከዚህ እንሄዳለን፤ ከ11ኛ ክፍል አራት ልጆች ሥራውን ተምረው ቁልፉን ተቀብለዋል። የሚሠራ ዴክ በቤቱ ያለው ሰው ቢያውሰን በምስጋና እንቀበላለን፤ ያለን አንድ ነው፤ እርሱም ጥብጣብ መንከስ ጀምሯል።

ከሁሉ የሚበልጥ ልመና ግን ለቀድሞ ተማሪዎች አለን። ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን አመጣልን እንጂ የሰዎቹን ስም አላመጣልንም። በአዳራሹ መግቢያ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከቅጂዎቹ ያተምናቸው 60 ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ካሴቱና ደቂቃው ተጽፎ ለስም ባዶ መስመር ተትቷል። እስክሪብቶ አለ። በመምህሩ ወንበር ላይ የተቀመጠው ትንሽ ልጅ ቍጥር 17 ነው።